ሳይጠየቁ መነሳት

ሰው ከሚታይባቸው ፎቶግራፎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው በሚባለው ፎቶ ላይ ያለው ሰውዬ ምን እያደረገ እንደነበር ታውቃላችሁ? ጫማውን እያስጠረገ ነበር። አዎ፣ ሊስትሮ ዘንድ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1838 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የእኛ ነው ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሉዊ ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ከሚሠራበት ቤት መስኮት ላይ ሳጥኑን ጠምዶ፣ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ሰፊ ጎዳና ቁልቁል አነሳው። ያኔ ፎቶ ማለት እንደ ዛሬው በዐይን ጥቅሻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ብር የተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ምስል እስኪይዝ ደቂቃዎች ይፈጃል። ስለዚህ በጎዳናው ላይ ሲተራመስ የነበረው ሠረገላና ፈረስ፣ ነጋዴና መንገደኛ ሁሉ ቆሞ አልጠበቀምና ከሰሌዳው ላይ የለም። መንገዱ ወረርሽኝ እንደገባበት ከተማ ጭር ብሏል። ከታች ጥግ ላይ ብቻ አንድ ሰው አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ ቆሟል፤ እግሩ ሥር የጎበጠ ጥላ የመሰለ ነገር ይታያል። ጫማ አስጠራጊና ጫማ ጠራጊ። ለጫማው ሲሉ ረጋ ብለው ስለቆዩ ለታሪክ ተረፉ። የቴሌግራፉ ሰው ሳሙኤል ሞርስ በ1839 ፓሪስ ውስጥ የዳጌርን ሥራ አይቶ ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ፣ መንገዱ ባዶ መሆኑንና ጫማውን የሚያስጠርገው ሰው ብቻ መቅረቱን እየተገረመ አውርቶታል።

የሰውዬው ስም አይታወቅም። የሊስትሮውም እንደዚሁ። "ላንሳችሁ ወይ?" ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ ዳጌር መስኮቱ ላይ ነው፣ እነሱ መንገድ ላይ። እንግዲህ የሰው ልጅና ካሜራ ጎዳና ላይ የተገናኙት እንዲህ ሆነው ነው፤ አንዱ እያወቀ፣ ሌላው ሳያውቅ።

የእኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር የሰጠው ግሥ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ፈረንሳዩ ፎቶ "ይወስዳል"፤ እንግሊዙም ያው "ይወስዳል"። እኛ እናነሳለን። የወደቀ ሳንቲም እንደሚነሳ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደሚነሳ። ተነሺውም "ተነሳሁ" ይላል እንጂ "ተወሰድኩ" አይልም። ምናልባት ይህ የመጣው እኛ ፎቶን ያወቅነው ፎቶ ቤት ሄደን ስለሆነ ይሆናል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥቱን ፎቶ ሲያነሱ የኖሩት አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰቦች ካወረሱን ሥርዓት፣ በየሰፈራችን እስከነበሩት ጠባብ ፎቶ ቤቶች ድረስ ሕጉ አንድ ነው። ታጥበህ፣ ጠጉርህን አበጥረህ፣ ከተቻለ የሰው ኮት ተውሰህ ትሄዳለህ። ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት ትቆማለህ። "ቀና በል! አትንቀሳቀስ! ዐይንህን እንዳትጨፍን!" ብልጭ! በቃ። ከዚያ ውጭ የተነሳ ፎቶ፣ አፍ ተከፍቶ ወይም እንጀራ ተጎርሶ የተነሳ፣ "ተበላሸ" ተብሎ ይቀደዳል። ፈረንጅ ጎበዝ ፎቶ አንሺ የሚለው ደግሞ ይኸንኑ እኛ የምንቀደውን የሚያነሳውን ነው።

ፓሪስ ለትምህርት የሄድኩት በ2003 ነው። የታሪክ ተማሪ ነበርኩ። ፈረንሳይኛዬ መጽሐፍ ለማንበብ ይበቃል፤ ዳቦ ቤት ውስጥ ግን መላ ቅጡ ይጠፋኛል። ባለ ዳቦ ቤቷ በአንድ ትንፋሽ የምትለቀውን ዐረፍተ ነገር ፈትቼ እስክጨርስ ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖርት ደ ቫንቭ ወደሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ መሄድ ለመድኩ፤ የፓሪስ ምናለሽ ተራ በሉት። እዚያ በ20 ዩሮ አንዲት ዜኒት ገዛሁ። የሩሲያዋን ዜኒት የሚያውቃት ያውቃታል፤ ክብደቷ የሚዛን ድንጋይ ነው፤ ስትነካ ደግሞ የቁም ሳጥን በር የተዘጋ ነው የሚመስለው። በእሷ ሰው ሳያውቅ ላነሳ ማለት ከበሮ እየመቱ ለስርቆት እንደመውጣት ነው። ያም ሆኖ ከክፍል ስወጣ ከተማዋን በእግሬ እየዞርኩ ማንሳት ጀመርኩ። ሰው ጋር በአፍ መነጋገር ሲያቅተኝ በዐይን ልነጋገር ብዬ ነው መሰለኝ።

በኋላ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳነብ ነው ነገሩ የኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። የፓሪስን ጎዳና፣ ካፌና አግዳሚ ወንበር አንስተው ዓለም እንዲወዳት ካደረጉት ሰዎች ብዙዎቹ መጤዎች ናቸው። አንድሬ ከርቴስ በ1925 ከቡዳፔስት መጣ፤ ፈረንሳይኛ አያውቅም ነበር። ብራሳይ፣ ያ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ "ፓሪስ በሌሊት" የተባለውን መጽሐፍ ያወጣው፣ እሱም በ1924 የመጣ የሃንጋሪኛ ተናጋሪ ነው፤ "ብራሳይ" ማለት ራሱ "የብራሾው ሰው" ማለት ነው፣ የትውልድ ከተማውን ስም ነው ለራሱ ያወጣው። ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የወሰደችው ግን ዢዘል ፍሮይንድ ናት። እንደኔው ተማሪ ነበረች። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ከፍራንክፈርት ሸሽታ ፓሪስ ገባች፤ የተማሪዎችን ሰላማዊ ሰልፍ ያነሳችባቸውን ኔጋቲቮች፣ ራሷ በኋላ እንዳወራችው፣ ሰውነቷ ላይ ደብቃ ነው ያለፈችው። ሶርቦን ገብታ በ1936 ዶክትሬቷን ጨረሰች። ርዕሱ ምን መሰላችሁ? ፎቶግራፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ። በዚያ ዘመን ፎቶ የዶክትሬት ርዕስ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ብዙ አልነበረም። ቀን ስለ ፎቶ ትጽፋለች፣ ለእንጀራዋ ደግሞ ፎቶ ታነሳለች። በ1937 ፈላስፋው ዋልተር ቤንያሚን በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቀርቅሮ ሲጽፍ ያነሳችው ፎቶ አለ። ሁለቱም ስደተኞች፣ ሁለቱም ከአንድ አገር የተባረሩ። ያንን ፎቶ ባየሁ ቁጥር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚሞቅ ነው የሚመስለኝ።

ከመጤዎቹ መካከል ተወላጁን አንሪ ካርቲዬ ብሬሶንን መዝለል አይቻልም፤ የዚህ ሙያ ሊቀ ሊቃውንት እሱ ነውና። በ1932 ከሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በአጥር ጣውላ መካከል አሾልኮ፣ የዝናብ ውኃ ላይ የሚዘል ሰውዬ አነሳ። የሰውዬው ተረከዝ ውኃውን ሊነካ የቀረው የጣት ውፍረት ነው። ፊቱ አይታይም፤ ስሙም አይታወቅም። ካርቲዬ ብሬሶን ትንሿን ላይካ ካሜራውን እንዳታብለጨልጭ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናት ነበር፤ ሰው እንዳያያት። በ1952 ትልቁን መጽሐፉን ሲያወጣ አሜሪካኖቹ "ወሳኟ ቅጽበት" የሚል ርዕስ ሰጡት። ዓለም ያወቀው በዚያ ነው፤ ፍልስፍና ፍልስፍና ይሸታል። የፈረንሳይኛው ርዕስ ግን ሌላ ነው፤ "ኢማዥ አ ላ ሶቬት" ይላል። "አ ላ ሶቬት" ማለት ምንድነው? አዲስ አበባ የኖረ ሰው ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልግም። መንገድ ላይ ሸራ ዘርግቶ ካልሲና ቻርጀር የሚሸጥ ልጅ አለ አይደል? አንድ ዐይኑ ገዢው ላይ፣ አንድ ዐይኑ ደንብ አስከባሪው ላይ። "መጡ!" ሲባል የሸራውን አራት ጫፍ ሰብስቦ እብስ! ፈቃድ የሌለው፣ ለመሮጥ የተዘጋጀ ንግድ ማለት ነው። ትልቁ የፎቶ ሊቅ ለሥራው የመረጠው ቃል ይኸው ነበር። እኔ የፈረንሳይኛው ርዕስ ይበልጥ እውነተኛ ይመስለኛል። ደግሞ ምን ያስቃል፣ ሰውዬው ራሱ ፎቶ መነሳት ጠላቱ ነበር። በ1975 ኦክስፎርድ የክብር ዶክትሬት ሲሰጠው እንኳ ፎቶ አንሺዎች እንዳያገኙት ፊቱን በወረቀት ሸፍኗል።

እውነተኞቹን አ ላ ሶቬት ነጋዴዎች ያገኘኋቸው ሻቶ ሩዥ ነው። በ4 ቁጥር ሜትሮ ሄዳችሁ ከምድር ሥር ብቅ ስትሉ አፍሪካ ናችሁ። ጎመኑ፣ ካሳቫው፣ የደረቀ ዓሣው፣ ጨርቁ፣ ጠጉር ሠሪው። ከሱፐርማርኬት የመጣ ባለ ጎማ ጋሪ ላይ እሳት አንድደው በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች አሉ። የበቆሎው ሽታ ሲመታኝ ክረምት ላይ አራት ኪሎ የቆምኩ መሰለኝ። ዜኒቷን ከፍ ማድረግ ስጀምር አንዷ መዳፏን ዘረጋች፤ አምስት ጣት ሌንሱ ፊት። ካሜራውን አወረድኩት።

"ከየት ነህ?" አለችኝ።

"ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ታንቲ።" (ታንቲ የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ፈረንሳይኛ ነው፤ የእኛ እትዬ ማለት ነው።)

"ኢትዮጵያ እናትህን እንዲህ ነው የምታነሳት? ከሰል ስታራግብ? ወረቀት የለኝም። አንተ ፎቶህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ፎቶው ግን የት እንደሚሄድ አንተም አታውቅም።" ከዚያ በቆሎ ሰጠችኝ፤ በገንዘቤ ነው ታዲያ፣ አንድ ሳንቲም አልቀነሰችልኝም።

የታንቲ ክርክር ለሕግ ሰዎች አዲስ አይደለም። በተማሪዎች መኖሪያ ቤት ጎረቤቴ የነበረ የሕግ ተማሪ ነው ታሪኩን ያጫወተኝ። በ1858 መጀመሪያ ላይ ራሼል የተባለች፣ በዘመኗ ፓሪስን ያንበረከከች የቴአትር ተዋናይ ሞተች። እህቷ በሞት አልጋዋ ላይ እንዳለች ለቤተሰብ ማስታወሻ ብቻ ፎቶ አስነሳቻት። ከዚያ ፎቶ የተቀዳ ሥዕል ለሽያጭ ወጣ። እህትየዋ ከሰሰች። የፓሪሱ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ያለ ቤተሰቡ ግልጽ ፈቃድ የሟችን መልክ ቀርጾ ማውጣት ለማንም አይፈቀድም ብሎ ፈረደ። የፈረንሳይ ዳኞች ሰው በራሱ መልክ ላይ መብት አለው የሚለውን ሐሳብ መገንባት የጀመሩት ከዚህ አስከሬን ተነስተው ነው። በሕግ መጽሐፍ ተጽፎ አልነበረም፤ ፍርድ በፍርድ ላይ እየተነባበረ ነው የመጣው። የሲቪል ሕጋቸው አንቀጽ 9፣ ማንም ሰው የግል ሕይወቱ ይከበርለታል የሚለው፣ የገባው በ1970 ነው።

ፎቶው የት እንደሚሄድ አንተም አታውቅም ያለችውን ደግሞ ፍሮይንድ በ1974 ባወጣችው መጽሐፍ ውስጥ አገኘሁት። ሮቤር ዷኖ በ1958 ሴን በሚባለው መንገድ አንድ ካፌ ገብቶ፣ ባንኮኒው ላይ ወይን እየጠጡ ያሉ አንዲት ቆንጆ ወጣትና ጠና ያለ ሰው አነሳ። እዚህ ላይ ፈቃድ ጠይቋል፤ እሺ ብለውታል። ፎቶው ስለ ፓሪስ መጠጥ ቤቶች በሚያወራ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ማንም ምንም አላለም። ቀጥሎ በወኪሉ አማካይነት የመጠጥን ጉዳት የሚሰብክ ጋዜጣ ላይ ታተመ። ሰውዬው የሥዕል መምህር ነበርና "ሰው ሰካራም ሊለኝ ነው" ብሎ አቤት አለ። ሦስተኛ ዙር ላይ አንድ የሐሜት መጽሔት ያንኑ ፎቶ ሻንዜሊዜ ላይ ስላለ ሴተኛ አዳሪነት በሚናገር መግለጫ ሥር አወጣው። መምህሩ ሁሉንም ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ መጽሔቱንና የፎቶ ወኪሉን ቀጥቶ ፎቶ አንሺውን ነጻ አወጣ። አያችሁ፣ ፎቶው አልተነካም፤ አንድ ነጥብ አልተጨመረበትም። የተለወጠው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። በዚያ ጽሑፍ የተነሳ ግን አንድ የተከበረ መምህር መጀመሪያ ሰካራም፣ ቀጥሎ ደግሞ የሴት ገዢ ሆነ።

የዷኖ ነገር ከተነሳ ያቺን የመሳሳም ፎቶ ማለፍ ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ካፌዎች ግድግዳ ላይ እንኳ ተሰቅላ አይቻታለሁ። በ1950 ከፓሪስ ከተማ አዳራሽ ፊት ለፊት፣ በግርግሩ መሀል አንድ ወጣት ፍቅረኛውን አንገቷን ደግፎ ይስማታል። ለአሜሪካው ላይፍ መጽሔት የተነሳች ናት። ዓለም የወደዳት የተሰረቀች ቅጽበት ስለመሰለችው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ባልና ሚስት "እኛ ነን፣ ሳናውቅ ነው የተነሳነው" ብለው ሲከሱ፣ ዷኖ እውነቱን አወጣው፦ የቴአትር ተማሪዎች ነበሩ፤ አስፈቅዶና ከፍሎ ነው ያነሳቸው። ይህን ጊዜ እውነተኛዋ ተሳሚ ደግሞ ድርሻዬን ብላ ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም አልተቀበለም። እሷ ግን ያኔ የተሰጣትን አንድ ቅጂ በ2005 በጨረታ በ155,000 ዩሮ ሸጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ድንገት የተነሳ" የሚባል ፎቶ ሳይ ቀስ ብዬ እጠራጠራለሁ።

ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ሚዛኑ ወደ ሠዓሊው ያዘነበለ ይመስላል። ፍራንሷ ማሪ ባንዬ የተባለ ፎቶ አንሺ አንዲት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ውሻዋን ይዛ በስልክ ስታወራ አንስቶ በመጽሐፍ አወጣት፤ ከሰሰች፤ የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2008 ክሷን ውድቅ አደረገ። ክብርን የሚነካ ወይም ከባድ ጉዳት የሚያስከትል ካልሆነ በቀር የጥበብ ነጻነት ይቀድማል ነው ነገሩ። ጎረቤቴ የሕግ ተማሪ ቢሆን ኖሮ በዚህ ፍርድ ይደሰት ነበር። እኔ ግን የሚከብደኝ "ከባድ ጉዳት" የሚለው ነው። ለባለ ውሻዋ ሴትዮ ጉዳቱ ቅሬታ ነው። ለታንቲ ጋሪዋ ነው፣ ከዚያም አልፎ የአውሮፕላን ትኬት ነው፤ መሄጃ ብቻ። አንድ ዐይነት ጠቅታ፣ ሁለት ዐይነት ዋጋ።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ ራሳችን ሕግ ብመለስ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ፣ አንቀጽ 27 ላይ የሰው ፎቶ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግበትን ይዘረዝራል፦ ሰውዬው ታዋቂ ወይም ባለ ሥልጣን ሲሆን፣ ለፍርድና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለትምህርት ሲፈለግ፣ ወይም በአደባባይ ከተደረገ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን። ሕጉን ያረቀቁት የፓሪሱ የሕግ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የአገራቸው ዳኞች ከራሼል ጀምሮ ያካበቱትን በሻንጣቸው ይዘው እንደመጡ መገመት አይከብድም። የሚገርመው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ሕጋችን በ1960 ሲታወጅ፣ ፈረንሳይ አንቀጽ 9ን ለመጻፍ ገና አስር ዓመት ይቀራታል። የካርቲዬ ብሬሶን መጽሐፍ 1952፣ የኛ ሕግ 1952፤ ቁጥሩ የተገጣጠመው በአቆጣጠር ልዩነት ነው፣ እኔ ግን ደስ ይለኛል። አንዱ "አፋፍሰህ ሩጥ" ይላል፣ አንዱ "ቆይ፣ አስፈቅድ" ይላል።

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ዘመንም ፖርት ደ ቫንቭ ላይ አግኝቼዋለሁ። አሮጌ ፖስት ካርድ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ በጫማ ሳጥን ውስጥ በየአገሩ ደርድረዋቸዋል። "አቢሲኒ" የሚል ካርቶን ሳገኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። የባቡር ሐዲዱ ፎቶ፣ የሐረር በር፣ ግመል። አንዱ ላይ ድሬዳዋ ገበያ ውስጥ የተቀመጠች ሴት አለች፤ ፊቷ ቅርጫት፣ ግንባሯ ተቋጥሮ ቀና ብላ ካሜራውን ታያለች። መዳፏን ልትዘረጋ ነው ወይስ ፀሐይ ልትከልል? ከሥሩ በፈረንሳይኛ የተጻፈው "የአገሬው ዐይነት" የሚል ነው። እንደ ቡና፣ እንደ ስንዴ፤ ዐይነት። በጀርባው አንድ የባቡር ሠራተኛ ለእናቱ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው ብሎ ጽፏል። ስንት ነው ብል 8 ዩሮ አለኝ። ገዛኋት። ሌላ ሰው እንዳይገዛት ይሁን ለምን፣ እኔም አላውቅም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ለዚህ ነገር ከፈረንሳይ ዳኞች ሁሉ ፈጣን መልስ ያገኙት፣ እንደኔ እንደኔ፣ የደቡብ ኦሞ ሙርሲዎች ናቸው። ቱሪስቱ ካሜራውን ሲያወጣ ዋጋው ይነገረዋል፤ ለአንድ ጠቅታ ይህን ያህል። ሁለቴ ጠቅ ካደረገ ሁለት። ስንት ጊዜ "ቀጭ" እንዳለ በጆሯቸው ይቆጥራሉ። ቱሪስቱ "ተፈጥሯዊነቱን አበላሹት፣ ገንዘብ ለመዱ" እያለ ሲያማርር ሰምቻለሁ። እሱ ፎቶውን ይዞ ሄዶ የሚያደርገውን ግን አይነግራቸውም። አንቀጽ 27ን ያነበበላቸው የለም፤ ቁም ነገሩን ግን አግኝተውታል።

እኔም በተራዬ ተነስቻለሁ። ሉክሰምቡርግ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ አረንጓዴ የብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሳርዲን በዳቦ አፌን ሞልቼ ሳለሁ፣ ከኩሬው ማዶ አንድ ረጅም ሌንስ ወደኔ ዞሮ አየሁ። ስጎርስ ነው ያገኘኝ። ያኔ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሥሩ ምን ሊጽፍ ነው? "ስደተኛ ምሳውን ሲበላ"? "ብቸኝነት በፓሪስ"? ተነስቼ ሄድኩ፤ በትሕትና "ሙሲዩ" ብዬ ጠየቅኩት። ጡረተኛ ነው፣ ለዛ ያለው ሽማግሌ። "ብርሃኑ በጣም ቆንጆ ነበር" አለኝ። ብርሃኑን ነው እንጂ እኔን አላየኝም ማለት ነው! እኔም የታሪክ ተማሪ መሆኔን፣ ምሳዬም ሳርዲን እንደነበር፣ ሌላ ነገር እንዳይጻፍብኝ ነገርኩት። ሳቀ፤ አድራሻዬን በጥንቃቄ ጻፈ፤ ቅጂ እልክልሃለሁ አለ። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው፣ እየጠበቅኩ ነው።

ሻቶ ሩዥ መመላለሴን አልተውኩም፤ ለበቆሎው ስል። በአረፋ ማግስት ታንቲን ያለ ጋሪዋ አገኘኋት። የሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ባዚን ለብሳለች፤ ራሷ ላይ ያሰረችው ሻሽ ከቁመቷ ሲሶ ይሆናል። "ያቺ የምትጮህ ካሜራህ አለች?" አለችኝ። አለች። ከቆሻሻው አርቃ፣ ቀለሙ ወደ ማያስጠላ ግድግዳ ወሰደችኝ፤ ጀርባዋን አስደግፋ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀጥ አለች። አልሳቀችም። ልጆቿ ባማኮ ናቸው፤ ለእነሱ ነው። ያን አቋቋም የማውቀው መሰለኝ፤ የሰፈሬ ፎቶ ቤት ነው። በኋላ ነው የባማኮው ፎቶ አንሺ ሴይዱ ኬይታ በ1948 በከፈተው ፎቶ ቤቱ ሰዎቹን ልክ እንዲህ ቀጥ አድርጎ፣ በሚያምር ጨርቅ ፊት ሲያነሳ እንደኖረ ያየሁት። የእሱ ፎቶዎች በ1991 ኒውዮርክ ላይ ሲታዩ "አንሺው ያልታወቀ" ተብለው ነበር፤ በ1994 ግን ፓሪስ ውስጥ በስሙ ትልቅ ትርዒት ተደረገለት።

ታንቲ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስነሳችኝ። ዜኒቷ "ቀጭ" ስትል "ጨረስክ?" አለችኝ። "ሦስት ቅጂ፤ ኔጋቲቩንም ጭምር። ስንት ነው?" የማሳጠቢያውን ብቻ ነገርኳት፤ ቆጥራ ከፈለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ለጋዜጣው ሳቀብል አዘጋጁ "ሴትዮዋን ያነሳሃት ፎቶ የታለ? አብረን እናውጣው እንጂ" አለኝ። የለኝም። ሦስቱም ቅጂ ከነኔጋቲቩ ባማኮ ነው ያለው።